የኑክሌር ቆሻሻን በመስታወት ማሰር ምን ያህል ያስተማምናል?

የኬሚስትሪ መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከኑክሌር ማብላያዎች የሚወጣው ከፍተኛ ጨረራ አመንጪ ቆሻሻ ከመስታወት ጋር አብሮ ቀልጦ፣ በብረት መያዣ ውስጥ ከረጋ በኋላ ወደ ጥልቅ ከርሰ ምድር እንዲወርድ እንደሚታቀድ በተለያዩ ጽሑፎች አንብቤአለሁ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ቁሶች ባሕርይ በማስተምርበት ክፍለ ጊዜ ይህንን ጉዳይ በምሳሌነት ማንሣት እፈልጋለሁ፤ ይሁንና ለራሴ በቅጡ ያልጠራልኝን ነገር ለተማሪ ማቅረብ ስለማልወድ፣ ዕውቀቱ ያላችሁ እንድታብራሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ ምርጫው ነው። መስታወት ሲወድቅ የሚሰበር፣ ሙቀት በድንገት ሲለዋወጥበትም የሚሰነጠቅ ቁስ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ብረት፣ ኮንክሪትና ሴራሚክ እያሉ ይህን ያህል አደገኛ ነገር ለመስታወት በአደራ የሚሰጠው ስለ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ቆሻሻው በመስታወቱ ውስጥ የሚገኘው ታሽጎ እንደ ተቀመጠ ዕቃ ነው ወይስ ከመስታወቱ ጋር በኬሚካል ትስስር ተዋሕዶ? የታሸገ ከሆነ አንድ ስንጥቅ ብቻ ሁሉንም ሊያፈስሰው ነው ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሦስተኛው ነው። የፕሉቶኒየም 239 ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ የሚፈራርስበት ጊዜ) 24,100 ዓመት ነው፤ የኔፕቱኒየም 237 ደግሞ ከ2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ይህ ቴክኖሎጂ በኢንዱስትሪ ደረጃ ሥራ ላይ ከዋለ ግን ገና ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ነው። በዚህች አጭር ጊዜ የተገኘ ልምድ ለመቶ ሺህ ዓመታት ዋስትና ሊሆን የሚችለው በምን ስሌት ነው?

እቶን፦

መምህር፣ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እርሱ ከተመለሰ የመጀመሪያው ግማሽ መልስ አብሮ ይገኛልና። ከዚያ በፊት ግን የምንነጋገረው ስለ የትኛው ቆሻሻ እንደሆነ መለየት ይኖርብናል፤ ብዙ ሰው ከማብላያ የወጣ ነዳጅ ሁሉ ወደ መስታወት የሚለወጥ ይመስለዋል። ያገለገለ ነዳጅ ከክብደቱ 95 በመቶ ገደማው አሁንም ዩራኒየም ነው፤ 1 በመቶ ያህሉ ፕሉቶኒየም ሲሆን፣ የቀረው 4 በመቶ ገደማ አቶሞች ሲሰነጠቁ የተፈጠሩ እንደ ሲዚየም፣ ስትሮንሺየም፣ ሞሊብዴነምና ሩቴኒየም ያሉ ንጥረ ነገሮች ድብልቅ ነው። ፈረንሳይ ነዳጁን በናይትሪክ አሲድ አሟሙታ ዩራኒየሙንና ፕሉቶኒየሙን ለይታ ታወጣለች፤ ወደ መስታወት የሚገባው ከዚያ የሚተርፈው እጅግ ሞቃትና አሲዳማ ፈሳሽ ነው። ፊንላንድና ስዊድን በአንጻሩ ነዳጁን ሳያሟሙ እንዳለ በመዳብ መያዣ አድርገው ለመቅበር ስለመረጡ መስታወቱ አያስፈልጋቸውም።

አሠራሩን በፈረንሳይ ላ አግ የሚገኘውን ተቋም አስቤ ልግለጽ። ፈሳሹ በሚሽከረከርና በሚሞቅ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ውሃውና አሲዱ ይለቁታል፤ የሚቀረው ዱቄት ነው። ይህ ዱቄት አስቀድሞ ከተዘጋጀ የመስታወት ፍርፋሪ ጋር ተቀላቅሎ በ1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ለሰዓታት ይቀልጣል፤ ከዚያም በሁለት ዙር፣ በእያንዳንዱ 200 ኪሎ ግራም ያህል፣ ወደ አይዝጌ ብረት መያዣ ይፈስሳል። ተሞልቶ የሚታሸገው መያዣ 1.34 ሜትር ቁመትና 43 ሴንቲ ሜትር የጎን ስፋት አለው። ይህ ሁሉ የሚከናወነው ከወፍራም ግድግዳና መስኮት በስተጀርባ በሚንቀሳቀሱ የማሽን ክንዶች ነው፤ አዲስ ከተሞላ መያዣ ጎን ያለ ከለላ የሚቆም ሰው ገዳይ የሆነውን የጨረራ መጠን ለመቀበል ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋልና። ማቅለጫው ሲበላሽም ማንም ሰው ገብቶ ሊጠግነው አይችልም፤ ስለዚህ የማምረቻው ቀላልነት በዚህ ሥራ ውስጥ እንደ ትርፍ ነገር ሳይሆን ራሱን የቻለ የደኅንነት ጉዳይ ሆኖ ይታያል።

አሁን ወደ መዋቅሩ እንግባ። በመስታወት ውስጥ እያንዳንዱ የሲሊኮን አቶም በአራት የኦክሲጅን አቶሞች ተከብቦ ይገኛል፤ እነዚህ ባለ አራት ጫፍ ቅርጾች በኦክሲጅኑ አማካይነት እርስ በርስ ተያይዘው መረብ ይሠራሉ። የቦሮንና የአሉሚኒየም አቶሞችም በመረቡ ውስጥ እንደ ሲሊኮኑ ተሰካክተው ይገባሉ። ሶዲየምና ካልሲየም ግን መረቡን እዚህም እዚያም እየቆረጡ ወይም የአሉሚኒየሙንና የቦሮኑን ኤሌክትሪካዊ ሙል እያመጣጠኑ በክፍተቶቹ ውስጥ ይቀመጣሉ። ሲዚየም የሶዲየምን፣ ስትሮንሺየም ደግሞ የካልሲየምን ዓይነት ስፍራ ይይዛሉ፤ እንደ ዚርኮኒየም ያሉት ከመረቡ ጋር አጥብቀው ይተሳሰራሉ። ስለዚህ አብዛኛው ቆሻሻ በግድግዳ ውስጥ እንደ ተገነባ ድንጋይ እንጂ በሣጥን ውስጥ እንደ ተቀመጠ ዕቃ አይደለም። መስታወቱ ለሁለት ቢሰበር የሚገኘው ሁለት ቁራጭ መስታወት ነው፤ የሚፈስስ ነገር የለም።

በእርግጥም መስታወቱ ይሰበራል። ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሆኖ የፈሰሰ አራት መቶ ኪሎ ግራም ቁስ ሲቀዘቅዝ ውጪው ከውስጡ ቀድሞ ስለሚረጋ፣ በመያዣው ውስጥ እንዳለ በብዙ ቦታ ይሰነጠቃል። ይህ ሲጠበቅ የኖረ ነገር ነው። ጉዳቱ በሌላ በኩል ነው፤ አንድ ቀን ውሃ ከደረሰበት የሚነካው ገጽ በስንጥቆቹ ምክንያት ብዙ እጥፍ ይሰፋል፤ የደኅንነት ስሌቶችም ይህንን ትርፍ ገጽ ጨምረው ይሠራሉ።

የመስታወት ትልቁ ብልጫ ሥርዓት የለሽነቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ክሪስታል ለእያንዳንዱ አቶም የተለካ ስፍራ አለው፤ መጠኑ ወይም ኤሌክትሪካዊ ሙሉ የማይስማማውን አቶም ይገፋዋል። ይህ ቆሻሻ ግን ከ30 በላይ ንጥረ ነገሮችን የያዘ ሲሆን፣ ውሕደቱም እንደ ነዳጁ ዓይነትና ዕድሜ ይለዋወጣል። ያልተስተካከለው የመስታወት መረብ ይህንን ዝብርቅርቅ ጭነት በአንድነት መሸከም ይችላል፤ በፈረንሳዩ መስታወት ውስጥ ከጨረራ አመንጪዎቹ የሚገኙት ኦክሳይዶች እስከ 18.5 በመቶ ድረስ እንዲገቡ ይፈቀዳል። ቦሮን የተጨመረበትም ምክንያት አለው። ንጹሕ ሲሊካ ውሃን በመቋቋም የላቀ ቢሆንም የሚቀልጠው ከ1,700 ዲግሪ በላይ ነው፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ ሲዚየሙ ተንኖ ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል። ሶዲየም ብቻ ቢጨመር የማቅለጫው ሙቀት ይወርዳል፤ ነገር ግን መስታወቱ ለውሃ ይሸነፋል። ቦሮን ሙቀቱን እያወረደ ጥንካሬውን ይህን ያህል ስለማይጎዳ፣ ቦሮሲሊኬት የሚባለው መስታወት በአብዛኞቹ አገሮች ተመራጭ ሆኗል። ፈረንሳይ በማርኩል ከ1978 ጀምሮ፣ ቤልጅየም በሞል ከ1985 ጀምሮ፣ አሜሪካ በሳቫና ሪቨር ከ1996 ጀምሮ በዚሁ መስታወት ሠርተዋል። (ዓመታቱን በሙሉ የጻፍሁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የውሃ መንገድ፦

እቶን መዋቅሩን በሚገባ ስለገለጸው እኔ ሦስተኛውን ጥያቄ ልውሰድ፤ ዕድሜዬን ያሳለፍሁት ውሃና ድንጋይ ሲገናኙ የሚሆነውን በማጥናት ነውና ለዚህ ጥያቄ ልዩ ፍቅር አለኝ። በጥልቅ ከርሰ ምድር ውስጥ እነዚህን ንጥረ ነገሮች ወደ ሰው ሊመልስ የሚችል ዋና ተሸካሚ ውሃ ነው። ስለዚህ «መስታወቱ መቶ ሺህ ዓመት ይቆያልን?» የሚለው ጥያቄ በትክክል ሲቀመጥ «ውሃ በምን ፍጥነት ይበላዋል?» የሚል ይሆናል።

ውሃ መስታወቱን ሲነካ በቅድሚያ ከውሃው የሚመጣ ሃይድሮጅን ከመስታወቱ የሶዲየምን ቦታ ይወስዳል፤ ሶዲየሙም ይወጣል። ቀጥሎ ውሃው ራሱ በሲሊኮንና በኦክሲጅን መካከል ያለውን ትስስር መቁረጥ ይጀምራል። ይህ ደረጃ ያለማቋረጥ ቢቀጥል ነገሩ የሚያስፈራ ይሆን ነበር፤ ቀላል ስሌት እናድርግ። ዘወትር በሚታደስ፣ 90 ዲግሪ ገደማ በሆነ ንጹሕ ውሃ ውስጥ እንዲህ ያለው መስታወት ከአንድ ካሬ ሜትር ገጽ ላይ በቀን ወደ 1 ግራም ይሟሟል። የመስታወቱ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.75 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ይህ በዓመት 0.13 ሚሊ ሜትር፣ በሺህ ዓመት 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው። የአንድ መያዣ ግማሽ ስፋት 21 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑን ስናስብ፣ ስንጥቆቹን እንኳ ሳንቆጥር፣ መስታወቱ ሁለት ሺህ ዓመት አይሞላውም።

ነገር ግን በጥልቅ ዐለት ወይም በሸክላ አፈር ንብርብር ውስጥ ውሃ እንደ ወንዝ አይፈስስም። እጅግ በዝግታ ይንቀሳቀሳል፤ ብዙ ጊዜም ቆሞ ይቆያል። የቆመ ውሃ ደግሞ ከመስታወቱ የወጣውን ሲሊካ ይዞ ቀስ በቀስ ይጠግባል፤ የወጣው ሲሊካም በመስታወቱ ገጽ ላይ ተመልሶ ሲቀመጥና ሲደራጅ ቀዳዳዎቹ እጅግ ጠባብ የሆኑ፣ ውሃ የያዘ ስስ ሽፋን ይሠራል። ይህ ሽፋን ከተሠራ በኋላ የመሟሟቱ ፍጥነት ከመጀመሪያው ወደ አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ያንሳል። ያንኑ ስሌት በዚህ ፍጥነት ብንደግመው በሺህ ዓመት 13 ማይክሮ ሜትር፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ ጥቂት የሚበልጥ፣ በመቶ ሺህ ዓመት ደግሞ 1.3 ሚሊ ሜትር ገደማ እናገኛለን። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በመስታወቱ ብቻ የተገኘ አይደለም፤ መስታወቱ በተቀመጠበት ስፍራ ባለው ውሃ ባሕርይ የተገኘ ነው። ለዚህም ነው መስታወቱን ከሚቀበርበት ዐለት ለይቶ «አስተማማኝ ነው» ወይም «አይደለም» ማለት ትርጉም የሌለው ንግግር ነው የምለው።

ታዲያ ይህ ሽፋን ለዘለዓለም ይቆያልን? ሁልጊዜ አይቆይም፤ እዚህ ላይ ነው የተመራማሪዎቹ ዋና ጭንቀት። ውሃው በጣም ቤዛዊ (የአሲዳማ ተቃራኒ) ከሆነና ሙቀቱም ከፍ ካለ ዜኦላይት የሚባሉ ማዕድናት መብቀል ይጀምራሉ። እነዚህ ማዕድናት የሚያድጉት ሲሊካውንና አሉሚኒየሙን ከሽፋኑ ወስደው ነው፤ በዚህም ምክንያት ሽፋኑ ይፈርስና መሟሟቱ እንደገና ይፋጠናል። ሲሚንቶ የነካው ውሃ ቤዛዊ ስለሚሆን የመቃብሩ ንድፍ አውጪዎች ሲሚንቶውን ከመስታወቱ ለማራቅ የሚጠነቀቁት ስለዚህ ነው። ከዝገት የሚመጣ ብረትና በአካባቢው ዐለት ውስጥ የሚገኝ ማግኒዥየምም ሲሊካውን እየተሻሙ የሽፋኑን መደራጀት ሊያዘገዩ ይችላሉ።

የጊዜውን ርዝመት በሚመለከት ማስረጃዎቹ በሦስት ደረጃ የሚገኙ ናቸው። በቤተ ሙከራ ውስጥ ለ25 ዓመታት ያለማቋረጥ በውሃ ውስጥ ቆይቶ የተመረመረ የፈረንሳይ መስታወት አለ። ከዚያ ወጣ ያለው የካናዳው ነው። የቾክ ሪቨር ተመራማሪዎች በ1958 25፣ በ1960 ደግሞ ሌላ 25 የመስታወት ብሎኮችን፣ እያንዳንዳቸው 2 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝኑና እውነተኛ ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገሮችን የያዙ፣ ያለ ምንም መያዣ በአሸዋማ መሬት ውስጥ ከከርሰ ምድር ውሃው ወለል በታች ቀበሯቸው። በዙሪያቸው ባለው ውሃ ውስጥ ስትሮንሺየም 90 ለዓመታት ሲለካ ቆይቷል፤ የሚወጣው መጠን እጅግ አነስተኛ ሆኖ ከጊዜ ወደ ጊዜም እየቀነሰ እንደ ሄደ ታይቷል። ሆን ተብሎ እጅግ መጥፎ በሆነ ስፍራ የተደረገ ሙከራ በመሆኑ እኔ ከብዙ የቤተ ሙከራ ሠንጠረዥ ይልቅ ይህንን አከብራለሁ።

ሦስተኛው ደረጃ ታሪክና ተፈጥሮ ያቆዩልን መስታወት ነው። በደቡብ ፈረንሳይ በኢምቢየ ደሴቶች አጠገብ የሰጠመች የሮማውያን መርከብ ጥሬ መስታወት ጭና ነበር፤ በባሕር ውስጥ 1,800 ዓመት ያህል የቆዩት እነዚያ ብሎኮች እንደ ኑክሌሩ መስታወት ሲቀዘቅዙ የተሰነጠቁ ነበሩ። ተመራማሪዎች ሲቆርጧቸው ወደ ውጪ የተከፈቱት ስንጥቆች ብዙ ተበልተው፣ ወደ ውስጥ የገቡት ግን በራሳቸው የመሟሟት ውጤት ተደፍነው አገኟቸው። ከዚህም በላይ በቤተ ሙከራ በአጭር ጊዜ በተለካው ፍጥነት ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ስሌት በ1,800 ዓመት ውስጥ ሊደርስ የሚገባውን የጉዳት ልክ ተቀራራቢ በሆነ መንገድ መተንበይ ቻለ። ለመምህሩ ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ ይህ ይመስለኛል፤ የምንተማመነው በልምዳችን ርዝመት ላይ ሳይሆን ሂደቱን በመረዳታችን ላይ ነው፤ መረዳታችንን ደግሞ በእጃችን ባለው አሮጌ መስታወት እንፈትነዋለን። ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው የባዛልት መስታወትም በሲሊካ መጠኑ ለኑክሌሩ መስታወት የቀረበ ስለሆነ፣ ሚሊዮን ዓመታት ያስቆጠሩት ናሙናዎቹ ለዚሁ ዓላማ ይጠናሉ።

ባልጩት፦

የቀደሙት ሁለቱ የጻፉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን መምህሩ ለተማሪዎች የሚያቀርቡት ምስል ከልክ በላይ ያማረ እንዳይሆን የመስታወቱን ድክመቶችም ማስቀመጥ ይገባል እላለሁ።

መስታወት ሁሉንም ንጥረ ነገር አይወድድም። ሞሊብዴነም ከዋነኞቹ አስቸጋሪዎች አንዱ ነው፤ ቦሮሲሊኬት መስታወት ከዚህ ንጥረ ነገር መሸከም የሚችለው ጥቂት ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ከቅላጩ ይለይና ቢጫ ቀለም ያለው ጨው ይሠራል። ይህ ጨው በውሃ በቀላሉ የሚሟሟ ከመሆኑም በላይ ሲዚየሙን ይዞ ስለሚሄድ፣ በጥንቃቄ የተሠራውን መስታወት ከንቱ ሊያደርግ ይችላል። ሰልፌትም ተመሳሳይ ችግር አለው። በአሜሪካ ሃንፎርድ በ177 የከርሰ ምድር ታንኮች ውስጥ የተጠራቀመው 210 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ቆሻሻ ለመሣሪያ የሚሆን ፕሉቶኒየም ሲመረት የወጣ ነው። በውስጡ ሰልፌት፣ ክሮሚየም፣ አሉሚኒየምና ፎስፌት በብዛት ተቀላቅለው ስለሚገኙ ለእርሱ የሚስማማ መስታወት ማግኘቱ ራሱን የቻለ የአሥርተ ዓመታት ምርምር ሆኗል። የማቅለጫው ግንባታ በ2002 ተጀምሮ ከሁለት አሥርተ ዓመታት በላይ መፍጀቱ ብቻ ብዙ ይናገራል።

ሌላው የማቅለጫው ጉዳይ ነው። ሩቴኒየም፣ ሮዲየምና ፓላዲየም በመስታወት ውስጥ አይሟሙም ማለት ይቻላል፤ ከባድ ቅንጣቶች ሆነው ወደ ታች ይዘቅጣሉ። ቅላጩን በራሱ ውስጥ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ የሚያሞቁ ማቅለጫዎች ላይ እነዚህ ቅንጣቶች ኤሌክትሪኩን ወደ ራሳቸው ስለሚስቡ ሙቀቱ ይዛባል፤ የታችኛው ቅላጭ ይወፍርና መፍሰሻው ይታወካል። በጃፓን ሮካሾ በ2007 እና በ2008 በተደረጉት ሙከራዎች የገጠመው ይህ ነበር፤ በመፍትሔውም ላይ ዓመታት ፈጅቷል። ሩሲያ በማያክ ከ1987 ጀምሮ የመረጠችው ፎስፌት መስታወት ሞሊብዴነምንና ሰልፌትን የተሻለ ይሸከማል፤ ነገር ግን ቅላጩ ማቅለጫውን ራሱን አብዝቶ ይበላዋል፤ መስታወቱም ሲሞቅ ወደ ክሪስታል ለመለወጥ ይቀልለዋል። በሁሉም ረገድ የሚበልጥ መስታወት አልተገኘም።

ስለ ሴራሚክም ጥያቄ ስለ ተነሣ፣ አውስትራሊያዊው የምድር ሳይንስ ሊቅ ቴድ ሪንግውድ በ1978 ያቀረበውን ሲንሮክ መጥቀስ ግድ ነው። ሐሳቡ ከተፈጥሮ የተወሰደ ነው። ዚርኮኖላይትና የመሰሉት ማዕድናት ዩራኒየምንና ቶሪየምን ይዘው በመቶ ሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት በምድር ውስጥ ኖረዋል፤ በጨረራው ብዛት የክሪስታል ሥርዓታቸው ቢፈርስም የያዙትን አልለቀቁም። ሲንሮክ ለፕሉቶኒየምና ለመሰሎቹ ዚርኮኖላይትን፣ ለሲዚየም ሆላንዳይትን፣ ለስትሮንሺየም ደግሞ ፔሮቭስካይትን በአንድነት የሚያበቅል ሰው ሠራሽ ዐለት ነው። ውሃን በመቋቋም ረገድ በተለይ በከፍተኛ ሙቀት ከመስታወት የተሻለ ነው። ፕሉቶኒየም ብቻውን ተለይቶ የሚወገድ ከሆነ ሴራሚክ ከመስታወት ይመረጣል የሚል እምነት አለኝ። በብዙ ንጥረ ነገር ለተደበላለቀው ቆሻሻ ግን፣ እቶን እንዳለው፣ በርቀት በቀላሉ ሊፈስስ የሚችለው መስታወት ያሸንፋል፤ ሴራሚኩ በሙቀትና በከባድ ግፊት መጠቅጠቅ ስለሚፈልግ።

የኬሚስትሪ መምህር፦

እጅግ አመሰግናለሁ፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው ያገኘሁት። ሁለት ነገሮች ግን ይቀሩኛል። ቆሻሻው በመስታወቱ ውስጥ ሆኖ ዘወትር ጨረራ የሚያወጣና የሚሞቅ ከሆነ፣ ውሃ ሳይደርስበት በፊት መስታወቱን ከውስጥ አያፈራርሰውምን? ደግሞስ ለተማሪዎቼ በክፍል ውስጥ በደኅና ላሳያቸው የምችለው ከዚህ ጋር የሚገናኝ ነገር ይኖር ይሆን?

እቶን፦

ከሙቀቱ ልጀምር። አዲስ የተሞላ መያዣ ወደ 2 ኪሎ ዋት ሙቀት ያመነጫል። ከ500 ዲግሪ ገደማ በላይ መስታወቱ መለስለስና አቶሞቹም ቦታ መቀያየር ስለሚችሉ፣ የመስታወቱ መሐል ከዚህ በታች እንዲሆን በአየር በሚቀዘቅዙ አዳራሾች ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። የሙቀቱ ዋና ምንጮች ሲዚየም 137 እና ስትሮንሺየም 90 ግማሽ ዕድሜያቸው 30 ዓመት ገደማ ስለሆነ ጊዜው ራሱ ያበርደዋል። ወደ መቃብሩ ቶሎ አለመውረዱ ብዙዎች እንደሚያስቡት መዘግየት ብቻ አይደለም፤ የቀዘቀዘ መያዣ ዙሪያውን ያለውን ሸክላ አያደርቅም፤ ውሃ ቢደርስበትም በዝግታ ነው የሚበላው።

ጨረራውን በተመለከተ መስታወቱን አብዝቶ የሚጎዳው የአልፋ መፈራረስ (ከባድ አቶም የሂሊየም እምብርት የሚወረውርበት) ነው፤ አልፋ የወረወረው ከባድ አቶም ወደ ኋላ ሲመለስ በዙሪያው ያሉትን እጅግ ብዙ አቶሞች ከቦታቸው ያናጋቸዋል። ይህንን ለማየት ተመራማሪዎች ግማሽ ዕድሜው 18 ዓመት የሆነውን ኪዩሪየም 244 በመስታወቱ ውስጥ ጨምረው በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሺህ ዓመታትን ጉዳት አድርሰዋል። መስታወቱ በጥቂቱ ያብጣል፤ በግማሽ በመቶ ገደማ። ጥጥረቱም ይቀንሳል፤ ስንጥቅን የመቋቋም ኃይሉ ግን ይጨምራል። ከተወሰነ መጠን በኋላ ለውጡ ይቆማል። መረቡ ቀድሞውንም ሥርዓት የለሽ ስለሆነ የሚፈርስ ሥርዓት የለውምና እያደር መልሶ ይደራጃል።

በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ግን ያሳስበኛል። መስታወቱ ከአይዝጌ ብረቱ ጋር በሚነካካበት ጠባብ ክፍተት ውስጥ ጨዋማ ውሃ ከገባ፣ የብረቱ ዝገት ውሃውን አሲዳማ ስለሚያደርገው ሁለቱ እየተጋገዙ ሊበላሹ እንደሚችሉ አሳይቷል። ሁኔታው በሁሉም ቦታ ይገጥማል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን መያዣውንና መስታወቱን ለየብቻ መመርመር በቂ እንዳልሆነ በግልጽ ያስተምራል። ባልጩት ካነሣቸው ድክመቶች ላይም አዮዲንን እጨምራለሁ። የአዮዲን 129 ግማሽ ዕድሜ ከ15 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው፤ አብዛኛው ነዳጁ በአሲድ ሲሟሟ፣ የቀረውም በማቅለጫው ሙቀት ስለሚተንን ግን ወደዚህ መስታወት አይገባም ማለት ይቻላል፤ ለብቻው በሌላ መንገድ መያዝ አለበት። ተማሪዎችዎ «ሁሉም ቆሻሻ በመስታወት ይታሰራል» ብለው እንዳይወጡ አደራ።

ለክፍሉ የሚሆን ሙከራ አለ። ተራ የመስኮት መስታወት በጨርቅ ተጠቅልሎ ይሰበር፤ በሙቀጫም በደንብ ይድቀቅ። ይህን እርስዎ ራስዎ፣ የዓይን መከላከያና የአቧራ ጭንብል አድርገው፣ አቧራው እንዳይነሣ እያረጠቡ ይሥሩት። ዱቄቱን በተጣራ ውሃ ውስጥ አድርገው ጥቂት የፌኖልፍታሊን ጠብታ ሲጨምሩበት ውሃው ሐምራዊ ይሆናል። ሶዲየሙ ወጥቶ ሃይድሮጅኑ ስለገባ ውሃው ቤዛዊ ሆኗል፤ የውሃ መንገድ የገለጸው የመጀመሪያ ደረጃ ይኸው ነው። ከዚያው መስታወት አንድ ያልተሰበረ ቁራጭ በሌላ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ያነጻጽሩ፤ ቀለሙ አይታይም፤ የገጽ ስፋት ምን እንደሚያደርግ ያን ጊዜ ይገባቸዋል። የኑክሌር መስታወት አምራቾችም መስታወታቸውን አድቅቀው፣ በ90 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለ7 ቀን አቆይተው፣ የወጣውን ሶዲየም፣ ቦሮንና ሲሊኮን በመለካት ይፈትኑታል። ቦሮኑ የሚለካው በተሠራው ሽፋን ውስጥ ስለማይቀር የመሟሟቱን መጠን በታማኝነት ስለሚናገር ነው። ሙከራው በመስኮት መስታወት የተሠራ መሆኑን፣ ቦሮሲሊኬቱ በዚያው ውሃ ውስጥ እጅግ ያነሰ ሶዲየም እንደሚለቅቅ ይንገሯቸው፤ ከቤተ ሙከራ የተሰበረ የቦሮሲሊኬት ቢከር ካለ ደግሞ አድቅቀው ጎን ለጎን ያድርጉት፤ ልዩነቱን በዓይናቸው ያዩታል።